ደሞዜ ገብቶ ሳይሞቅ ያልቃል፤ ዕዳዬ ግን አያልቅም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ገርጂ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ለብቻዬ እኖራለሁ። የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት ግዢ ክፍል ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 18,500 ብር እጄ ይገባል። ለቤት ኪራይ 5,500፣ ለዕቁብ 2,000፣ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ 1,500፣ ለዕድር 100 ብር እከፍላለሁ። ዕቁባችን 12 ሰው ነው፤ በሦስተኛው ዙር ወጥቶልኝ ፍሪጅና ጥቂት የቤት ዕቃ ገዛሁበት፤ 9 ወር ይቀረኛል። የሚተርፈኝ 9,400 ብር ለአንድ ሰው ይበቃል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ወር በገባ በ20 ቀኔ ባዶ ነኝ።

ዕዳዬ 24,800 ብር ነው። 6,000ው ከስልኬ የምወስደው ብድር ነው፤ በየወሩ 480 ብር የአገልግሎት ክፍያ ጨምሬ እከፍልና እዚያው ቀን መልሼ 6,000 እወስዳለሁ። 3,800ው የሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። 15,000ውን ያበደሩኝ መሥሪያ ቤታችን ያሉ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትገባ ወረቀት እንኳ ሳያስፈርሙ ሰጡኝ። በሁለት ወር እመልሳለሁ ብዬ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔ ግን እንዳልገናኛቸው ሊፍቱን ትቼ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እወጣለሁ።

አልጠጣም፣ አልጨፍርም፣ ልብስ ከገዛሁ ዓመት አለፈኝ። ብሩ የት እንደሚገባ አላውቅም። ወጪዬን መጻፍ ጀምሬ በአራተኛው ቀን ተውኩት። አሁን ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው በወር 5,000 የሚጣልበት ዕቁብ ገብቼ፣ የመጀመሪያውን ዕጣ ለምኜ ወስጄ ሁሉንም መክፈል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰውዬ 30,000 ብር በወር 10 ከመቶ ለስድስት ወር ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን 48,000 ብሎ ነው የሚያጽፈኝ። የትኛው ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከገርጂ»

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱም አይሻሉሽም። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን ሒሳብሽን ላስተካክል፤ ዕዳሽ 24,800 ብር አይደለም። 42,800 ነው።

18,000ው ከየት መጣ ትዪኝ ይሆናል። ከፍሪጁ ነው የመጣው። ዕቁቡ ሲወጣልሽ 24,000 ብር ተቀብለሻል፤ ያን ቀን ያንቺ የነበረው ግን እስከዚያ የጣልሽው 6,000 ብቻ ነው። የቀረው 18,000 የሌሎቹ ዕቁብተኞች ገንዘብ ነው፤ ወለድ የለውም እንጂ ብድር ነው። ዕቁብ ሳይወጣልሽ ስትጥዪ ቆጣቢ ነሽ፤ ከወጣልሽ ማግስት ጀምሮ ባለዕዳ ነሽ። ይህን ለይተን ስለማናይ ነው «ዕቁብ ገብቼ ዕዳዬን እከፍላለሁ» የሚባለው ነገር መፍትሔ የሚመስለን። አዲሱ ዕቁብ ከ9,400ው ላይ 5,000 ሲያነሳ 4,400 ይቀርሻል። በ9,400 ያልተወጣ ወር በ4,400 ሊወጣ ነው? ደግሞ መጀመሪያ ልውሰድ ስትዪ ዳኛው ዋስ ጥሪ ይልሻል። ዛሬ የምትሸሺው አንድ ሰው ነው፤ ያኔ ዋስሽንም ጨምረሽ ነው የምትሸሺው። አሁን ያለሽበትን ዕቁብ ግን ምንም ቢመጣ አታስተጓጉይ። እዚያም ዋስ ሆኖ ስሙን የሰጠልሽ ሰው ይኖራል።

ስለ ሁለተኛው ሰውዬ ብዙ አልጽፍም። የዚህ ነገር ስሙ አራጣ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2479 ላይ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ተስማምተው እንኳ በዓመት ከ12 ከመቶ የበለጠ ወለድ መዋዋል እንደማይችሉ ይናገራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በሰው ችግር ተጠቅሞ አራጣ ማበደርን ወንጀል ያደርገዋል። ሰውዬው የሚልሽ በዓመት 120 ከመቶ ነው። 30,000 ሰጥቶ 48,000 የሚያጽፍሽም ለዚሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል አይኖርም፣ «48,000 ብር ተበድሬያለሁ» የሚል ያንቺ ፊርማ ብቻ ይኖራል። ነገ ፍርድ ቤት ሲያቆምሽ «የወሰድኩት 30,000 ነው» ብሎ ማስረዳቱ ያንቺ ጣጣ ነው። አትፈርሚ። ቁጥሩንም ከስልክሽ አጥፊው።

አሁን እየደማ ወዳለው ቁስል ልምጣ። ቴሌብር በ2014 መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባሉትን የስልክ ብድሮች ካመጣ ወዲህ፣ በሌሎች ባንኮች መተግበሪያም እንዲሁ፣ መበደር ከኪስ መሐረብ እንደማውጣት ቀልሏል። ነገሩ በራሱ ክፉ ነው አልልም። ሌሊት ልጁ ታሞበት፣ የማንንም በር ሳያንኳኳ 2,000 ብር ከስልኩ ያገኘ ሰው አውቃለሁ። ክፉ የሚሆነው አንቺ በያዝሽው መንገድ ሲያዝ ነው። 480 ብር በ12 ወር 5,760 ነው። በዓመት ውስጥ ብድሩን ሊያክል ምንም ያልቀረው ገንዘብ ትከፍያለሽ፤ 6,000ው ግን አንዲት ብር ሳይነቃነቅ እዚያው አለ። የጋሼም፣ የሱቁም፣ የዕቁቡም ገንዘብ ወለድ የለውም። ቆሞ እያለ ገንዘብሽን የሚበላው ይኼ አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ የምታገኚው ትርፍ ብር አብዛኛው መጀመሪያ እዚህ ይግባ።

በአንዴ ዝጊው ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። 6,480 ከፍለሽ በ2,920 ብር ወር አይወጣም፤ በአሥረኛው ቀን ተመልሰሽ ትገቢበታለሽ። እንደ ደረጃ ውረጂው፤ ደረጃ መቼም ለምደሻል። በዚህ ወር 6,480 ክፈይና መልሰሽ የምትወስጂው 4,500 ብቻ ይሁን። ክፍያው በዚያው ልክ፣ ማለትም 8 ከመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ በሚቀጥለው ወር 4,860 ከፍለሽ 3,000 ትወስጃለሽ፤ በሦስተኛው 3,240 ከፍለሽ 1,500፤ በአራተኛው ወር 1,620 ከፍለሽ ትገላገያለሽ። በመጀመሪያው ወር በትክክል ከኪስሽ የሚወጣው 1,980 ብር ነው፤ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። ስልኩ መሃል ላይ «ከዚህም በላይ መውሰድ ይችላሉ» እያለ ያባብልሻል። ሥራው ነው።

በዚህ ላይ ለጋሼ 500፣ ለሱቁ 400 ጨምሪበት። በወር 2,880 ብር ለዕዳ ወጣ ማለት ነው፤ ለመብላት፣ ለታክሲና ለመብራት 6,520 ይቀርሻል። በቀን 217 ብር ግድም። አሁን በቀን 297 ብር ይወጣልሻል፣ ዱቤው ሳይቆጠር። ስለዚህ የምንፈልገው በቀን 80 ብር ነው።

80ው ብር ከየት ይመጣል? «ማኪያቶ ተዪ» ብዬ ልገላገልሽ እችል ነበር። እንዲህ ያለ ምክር በየቦታው ሞልቷል፤ አብዛኛውም የሚጻፈው የተመካሪውን ደብተር ሳያዩ ነው። እኔ መልሱን አላውቀውም፤ አንቺም አታውቂውም። የሚያውቀው ስልክሽ ነው፣ ግማሹን። እሁድ ከሰዓት ቡናሽን አፍልተሽ ተቀመጪና ያለፈውን ወር የባንክና የቴሌብር መልእክቶች ከመጀመሪያው ቀን አንስተሽ አንብቢያቸው። ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተጽፎልሻል። ጨለማ የሚሆነው ጥሬ ብሩ ላይ ነው። ከኤቲኤም 1,000 እንደወጣ መልእክቱ ይናገራል፤ 1,000ው ወዴት ወዴት እንደተበተነ ግን የሚናገር የለም።

መጻፉን በአራተኛው ቀን የተውሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይመስለኝም። ማታ ተኝተሽ ለማስታወስ ስለሞከርሽ ነው የሚመስለኝ። ማታ የሚታወሰው ትልልቁ ነው፤ የሚጨርሰን ደግሞ ትንንሹ ነው። ብሩ ከእጅሽ ሲወጣ እዚያው ቆመሽ ጻፊ፤ ረዳቱ መልስ እስኪሰጥሽ ድረስ ይበቃል።

እኔም በ2011 ዓ.ም. 32,000 ብር ዕዳ ነበረብኝ፤ ልክ እንዳንቺ የት እንደገባ አላውቅም ነበር። ባለ 32 ሉክ ደብተር ገዛሁና ቀን፣ ለምን፣ ስንት ብዬ ሦስት ቤት አሰመርኩ። ከሳምንት በኋላ አራተኛ ጨመርኩ፦ ከማን ጋር። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፦ ታክሲ 10። ማኪያቶ 14፣ ብቻዬን። ምሳ 48፣ ከሒሳብ ክፍሎች ጋር። የኬክ መዋጮ 50፣ ቢሮ። ኮንትራት ታክሲ 120፣ ረፈደብኝ።»

ወሩ ሲሞላ ደመርኩት። ሰው ሁሉ የሚያማው ማኪያቶ 300 ብር እንኳ አልሞላም። ኮንትራት ታክሲ ግን ሰባት ጊዜ፣ 840 ብር። ሰባቱም ጠዋት ላይ፤ ሰባቱም ማታ በስልኬ ፊልም ሳይ አምሽቼ በነጋታው የተኛሁባቸው ቀናት። እኔ ራሴን ኮንትራት የሚሄድ ሰው አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር! ኑሮ ተወደደ እያልኩ ነበር የማማርረው፤ ኑሮውም ተወዶ ነበር፤ የእኔ ቀዳዳ ግን እንቅልፍ ነበር። አራተኛው ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየኝ፤ ብቻዬን ስሆን ቆጣቢ ነኝ፣ ከሰው ጋር ስሆን ንጉሥ ነኝ። ያንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል። አልጠጣም አልጨፍርም ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ግን አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ፤ ጨዋ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደኸየው በይሉኝታ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ታውቂዋለሽ። ወረቀት ይዞራል፣ ስምና የብር መጠን ይጻፍበታል። ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለሚለቅ ሰው መሸኛ። ከላይ ያለችው 300 ከጻፈች አንቺ ከታች 100 ብለሽ መጻፍ ያሳፍርሻል። ይህን ወጪ ማንም በጀት ውስጥ አያስገባውም፤ ግን በየወሩ ይመጣል። እኔ የምልሽ ለይተሽ ያዢው ነው። ለቅሶና ሕመም ላይ አትቆጥቢ፤ ነገ አንቺንም የሚያቆምሽ እሱ ነው። ለቀሪው በወር 300 ብር መድቢ፣ እሱ ካለቀ አልቋል። ኬክ ሲመጣ «በዚህ ወር አልተመቸኝም፤ ቡናውን ግን እኔ አፈላለሁ» በይ። ትንሽ ፊታቸውን ያጠቁሩ ይሆናል ብለሽ ትፈሪያለሽ። እኔ ያየሁት ግን ቡና የምታፈላን ሴት ማንም በመዋጮ እንደማያማት ነው፤ ገንዘብ ያጣ ሰው ጉልበቱን ሲያዋጣ ደግሞ በአገራችን ደንብ ነው።

ምሳ ዕቃ ስለመያዝ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ያንን 6,520 ብር ግን በአንድ ላይ ኪስሽ አታስገቢው። ሰኞ ሰኞ 1,500 ብር አውጪ፤ እሱ እስከ እሁድ ነው። አራት ሳምንት 6,000 ይሆናል፤ የቀረው 520 ወሩ ላይ የሚተርፉትን ሁለት ቀናት ይሸፍናል። ሐሙስ ላይ ቦርሳሽ ሲቀል፣ ወር ሳይሆን ሦስት ቀን ብቻ እንደቀረሽ ታውቂያለሽ፤ ሦስት ቀን ደግሞ በሽሮም ይታለፋል። ለእናትሽ የምትልኪውን 1,500 አትንኪ። ልቀንስ ብለሽ ብትሞክሪ እንኳ በሦስተኛው ወር በጸጸት እጥፍ አድርገሽ ትልኪዋለሽ።

አሁን ጋሼ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ለእሳቸው የመደብሽውን 500 ጭምር ለስልኩ ብድር ስጪው ይልሻል፤ ወለድ የሚበላሽ እሱ ነውና። በሒሳብ ልክ ነው። እኔ ግን አልስማማም። የማይጠይቅ አበዳሪ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚከፈለው ሰው ነው፤ ይህ የሁላችንም ነውር ነው። አልጠየቁኝም ማለትሽ ደግሞ አልቸገራቸውም ማለት አይደለም። ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ብር የወጣለት ነገር ሁሉ ጨምሯል፤ ያበደሩሽ 15,000 ዛሬ ያኔ የሚገዛውን አይገዛም። ዝም ያሉት እያዩሽ ነው። በደረጃ እንደምትወጪም፣ እመኚኝ፣ ያውቃሉ።

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሕጋችን የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ቁጥሩ እንዳለ ቀረ። እናም ጋሼ እጃቸው ላይ ያንቺ ቃል እንጂ ሌላ ምንም የላቸውም። ወረቀቱን አንቺ ጻፊው። ቀኑን፣ 15,000ውን፣ በየወሩ የምትከፍይውን ጻፊና ፈርመሽ በፖስታ ያዢ። ሰው በሌለበት ሰዓት ግቢና «ጋሼ፣ አፍሬ ስሸሽዎት ነው የከረምኩት። ገንዘብዎን አልረሳሁም። ከዚህ ወር ጀምሮ ደሞዝ በገባ ቀን 500 አስገባልዎታለሁ፤ ከአራት ወር በኋላ ከፍ አደርገዋለሁ። ይኼን ይያዙልኝ» በያቸው። ምክንያት አትደርድሪ፣ አታልቅሺ። «ተዪው ልጄ፣ ሲመችሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። እሺ ብለሽ እንዳትወጪ! ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪው። ደሞዝ በገባ ቀን ያልሽውን ደግሞ በዚያው ቀን አድርጊው፣ ሌላ ነገር ሳትገዢ።

የስልኩ ብድር በአራተኛው ወር ሲዘጋ፣ በአምስተኛው ወር 2,880ውን ይዘሽ ከሱቁ የቀረውን 2,200 ትጨርሺና 680ው ለጋሼ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሙሉው የእሳቸው ነው። በዘጠነኛው ወር 800 ብር ብቻ ይቀርሻል፤ ዕቁቡም ያኔ ያልቃል። በአሥረኛው ወር ነጻ ነሽ። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። መሃል ላይ ገናና ፋሲካ አሉ፣ የምታውቂው ሰው ሰርግ አለ፣ አንድ ሁለት ወር ይንሸራተት ይሆናል። ይንሸራተት። አንድ ወር ቢበላሽ ሙሉ ዕቅዱን እንዳትጥዪው ብቻ።

ከሁሉ የምፈራልሽ ጳጉሜን ነው። ደሞዝ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ግን 35 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» የሚለው ተረት ለደሞዝተኛ የተተረተ ይመስለኛል። አምስቱ ቀን በ217 ብር ሒሳብ 1,085 ይፈልጋል። የስልኩ ብድር ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር እያነሰ ሲሄድ 120፣ 240፣ 360 ብር ይተርፍሻል፤ ድምሩ 720 ነው። ስሙን ጳጉሜን ብለሽ ለብቻ አስቀምጪው። ስም የሌለው ብር አይቀመጥም። በሐምሌ 2017 ከግብር ነጻ የሆነው የደሞዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ያንቺም እጅ ላይ ጭማሪ ሳይታይ አልቀረም፤ የሰኔንና የሐምሌን የደሞዝ ወረቀትሽን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። ያ ጭማሪ ምን ሠራልሽ?

የሱቁ ነገር ቀረኝ። ሄደሽ ገጽሽን አብራችሁ ደምሩ፤ ባለሱቁ አያጭበረብርሽም፣ ግን ዱቤ ሲወሰድ ማንም ዋጋ አይጠይቅም፣ አንድ ዘይት ሁለት ሆኖ ቢጻፍም የሚያስታውስ የለም። ከሥሩ አስምሩበትና ከዚያ መስመር በታች ምንም እንዳይጻፍ ንገሪው። በየወሩ 400 ስትሰጪው የቀረውን ፊትሽ ይጻፍ። ዕቃ ከእሱው ግዢ፣ በጥሬ ብር። ደብተሩን ግን ከዚያው ሱቅ በዱቤ እንዳትወስጂ።